የእግሬ ክስ

ግንቦት 4

መብራት ዛሬም የለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሱቁን ከፈትኩ፤ የኩሽኔታዎቹን ካርቶን አቧራ አራገፍኩ፤ የሞተር ቺንጊያዎቹን በየቁጥራቸው ሰቀልኩ። የእርሻ ወቅት ሊገባ ነው። ሰኔ ላይ የኮኪትና የሽንፋ ትራክተር ሁሉ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሸሕዲ ይመጣል። የእኛ ዓመት ያቺ አንድ ወር ተኩል ናት። እሷ ካመለጠች እስከ ማሽላ ውቂያ ዝንብ እሽ ማለት ነው።

ሙኽታር አርፍዶ መጣ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሱቁን አብረን ነው የከፈትነው፣ እኩል ለእኩል። በሩ ላይ ቆመ። ፊቴን ሳይሆን ጫማዬን አየ።

«ሩፊዳ፣ ከነገ ጀምሮ ትንሽ አርፍደሽ ብትመጪ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ… ፀሐዩ…»

ፀሐዩ? ሲረፍድ አይደል እንዴ የሚብሰው?

ግንቦት 5

ፀሐዩ አይደለም። የመጀመሪያው ገዢ ሳይገባ እኔ እንዳልገባ ነው!

ማለዳ ቀድሞ የገባ እግር የቀኑን ገበያ ይወስናል ይላሉ። ቀና እግር ከገባ ዕቃው ይሄዳል፤ ደረቅ እግር ከገባ ቀኑ አለቀ። ይሄን ከልጅነቴ እሰማለሁ። ግን ስለ ገዢ ነው የሚባለው። ባለ ሱቅ በገዛ ሱቋ እግሯ ሲመረመር ያየ አለ?

ከመንገዱ ማዶ ውባንች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ገዢ ሲገባለት ሙኽታር በጨርቅ ምልክት ሊሰጠኝ ተስማማን። ተስማማን? እሱ ተናገረ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሦስት ሰዓት። ማንም የለም። አራት ሰዓት። ማንም የለም። ከጎኔ ሻይ የሚጠጣ ሾፌር «እህት፣ የናፍጣ ፊልትሮ የት ይገኛል?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ተሻገረ። ገዛ። ሙኽታር ጨርቁን አውለበለበ።

ታዲያ ማን ነው ያመጣው?

ውባንች እየሳቀች ብርጭቆውን አነሣች። «አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ጎንደር ቢዝነስ የተማርሽው ማዶ ቁጭ ብለሽ የራስሽን ሱቅ ልታዪ ነው?»

ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ግንቦት 8

ስለ አብዱረሕማን መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም።

ሥራ የለውም። እግር ነው ያለው። በከተማው ከእሱ የቀና እግር የለም ይባላል፤ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ባለ ሱቆቹም በተራ ይጠብቁታል። ከረሜላ ከሚሸጡት አንድ ከረሜላ፣ ከጨርቅ ነጋዴው አንድ መርፌ፣ ከእኛ አንድ ቡሎን ይገዛል። በየቀኑ አንድ ቡሎን።

«ቡሎኑን ምን ታደርገዋለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አልጋ ሥር አለ» አለ። የሁለት ዓመት ቡሎን ማለት ነው። ልጁ የሚተኛው በትራክተር ላይ ነው።

ዛሬ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ ያለው ሱቅ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ጠበቀ። በመጨረሻ ሐጅ ሷሊህ፣ ትልቁ ጨርቅ ነጋዴ፣ ባጃጅ ልከው አስመጡት። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ከባጃጁ ሳይወርድ፣ በየሱቁ ደፍ ላይ እግሩን ብቻ እያወጣ እያስነካ አለፈ።

እኛ ጋ ሲደርስ ሙኽታር እኔን በክርኑ ወደ ኋላ ገፋኝ። እንዳልነካው።

ግንቦት 12

ቁልፉ ተቀይሯል።

ይቺን ብቻ ጽፌ ልተወው ነበር። አልሆነልኝም።

«ሙኽታር፣ ቁልፉ እምቢ አለኝ።»

«አዎ። ቀየርኩት።» ልክ የአየሩን ጠባይ እንደሚነግረኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ጎንደር ዕቃ ልታመጪ የሄድሽ ጊዜ በአንድ ሳምንት የሁለት ወር ሸጥን። ስትመለሺ ቆመ። እኔ አልጠላሁሽም ሩፊዳ። እግርሽ ነው።»

«ያን ሳምንት የተሸጠው እኔ ከጎንደር እየጫንኩ የላክሁት ዕቃ ነው! እኔ ነኝ የላክሁት!»

«እሱማ። ርቀሽ ስትልኪ ጥሩ ነሽ።»

ምን ይባላል? «መጀመሪያ ሱቁ የገባሽ ቀን ትራንስፎርመሩ አልፈነዳም?» አለኝ ደግሞ። ለከተማው ሁሉ ነው የፈነዳው አልኩት። «እኮ!» አለ። «ለከተማው ሁሉ!»

ቤት ገብቼ ለእማ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ ስታዳምጠኝ አብራኝ የተናደደች መስሎኝ ነበር። ከዚያ «እስኪ ጫማ ቀይረሽ ሞክሪ» አለች።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሱቄ ካልተመለስኩ ዓመቱ አለቀ። ዘንድሮ እኔ ከሌለሁ ደግሞ ከርሞ «አንቺ ማን ነሽ?» ነው የሚባለው። አውቀዋለሁ። ሙኽታርም ያውቀዋል።

ግንቦት 14

ሙኽታር የጠራው ሽማግሌ ተቀመጠ። ሐጅ ሷሊህ፣ አንድ ቄስ፣ የሰሊጥ መጋዘን ያላቸው አንድ አዛውንት። ሐጅ ሷሊህ በጣም ትሑት ናቸው። ሰው ሲበድሉ እንኳ መጀመሪያ ወንበር ይስባሉ።

«ልጄ፣ እኛ ደረቅ ነው አላልንም። ቀና ነውም አላልን። እግር የአላህ ነው። ይታያል።»

«ምኑ ነው የሚታየው ሐጅ?»

«እግርሽ።»

ቄሱ አስረዱኝ። «በሙከራ ማለታቸው ነው። አምስት ሱቅ በማለዳ ትከፍቻለሽ፤ በየሱቁ የሆነው ይጻፋል። ቀና ሆኖ ከተገኘ ትመለሻለሽ። ደረቅ ከሆነ… አንቺም የተማርሽ ነሽ፣ ይገባሻል።»

እኔ ምን አልኩ? መጮህ ነበረብኝ። ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። «ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል» አልኩ!

አልኩ። በዚህ አፌ። «ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ አይባልም። እኔ የከፈትኩትን ሱቅ በማግስቱ አብዱረሕማን ይክፈተው፤ ከዚያ የሁለታችን ይተያይ።»

ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለ መጋዘኑ «ዋላሂ ትምህርት ጥሩ ነው» አሉ።

ግንቦት 15

ቀኑን ሙሉ ሱቅ ሲለመን ዋለ። ማን የራሱን ሱቅ ለደረቅ እግር ይሰጣል? አንዱ «ሚስቴ እርጉዝ ናት» አለ። አንዱ በሩን ከውስጥ ቆልፎ «የለም» ብሎ ጮኸ፤ ራሱ!

ውባንች ሻይ ቤቷን ሰጠችኝ፣ ስለምትወደኝ። መድኃኒት ቤቱ ሐጅ ሷሊህን እምቢ ማለት ስላልቻለ። ጎማ ጠጋኙ ገበያ ስለሌለው፣ «ከዚህ በላይ አይደርቅም» ብሎ። ሸራ ሻጩ ጎማ ጠጋኙ ስለተስማማ። የሙሽራ ልብስ የምታከራየው ሉባባ ደግሞ… ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። «ጉድሽን ልየው» ነው ያለችው።

ቅጽ አዘጋጀሁ። በማስመሪያ አሰመርኩ። አማካሪዬ የነበሩት መምህር ቢያዩኝ ምን ይሉ ይሆን? «የናሙናው መጠን አነሰ» የሚሉ ይመስለኛል።

ግንቦት 17

አንደኛ ቀን፣ ውባንች ሻይ ቤት። ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ገባሁ። (ለምን ቀኝ? ማን አዘዘኝ?) አንድ ሻይ ጠጣሁ፤ ወጣሁ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ወተቱ ተበላሸ። ፍሪጅ የለም፣ መብራት የለም፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው፤ ወተት ምን እንዲሆን ነበር የተፈለገው? ሐጅ ሷሊህ የላኩት ጸሐፊ «ወተት፦ ረጋ» ብሎ ጻፈ።

«ትናንትናም ረግቶ ነበር» አልኩት።

«ትናንትና ቅጽ አልነበረም» አለኝ።

ግንቦት 18

መድኃኒት ቤት። አንድ ፕላስተር ገዝቼ ወጣሁ። አራት ሰዓት ላይ ከአንድ እርሻ ዘጠኝ የቀን ሠራተኞች ሆዳቸውን ይዘው በተሳቢ ተጭነው መጡ። የተበላሸ ምግብ ነው። የጎጃም ልጆች ናቸው፤ መሬት ላይ ተኮራምተው «እናቴን» ይላሉ። ሁሉም ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ። የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ባዶ ሆነ።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ከትቶ ቆየ። «ይሄ… ቀና ነው ደረቅ?»

አብዱረሕማን ደግሞ ዛሬ ውባንች ጋ ገብቶ ነበር። ወተቱ አልረጋም። ውባንች ወተት አልገዛችም ነበር።

ግንቦት 21

ትናንት ጎማ ጠጋኙ ጋ ገባሁ። እግሬን ሳላነሣ ነው የተጀመረው ማለት ይቻላል። ሚስማር የጫነ አይሱዙ ካርቶኑ ተቀዶ ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ ሚስማር ሲዘራ ሄዷል። እስከ ምሳ ድረስ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ የውሃ ጋሪው ሳይቀር ተሰልፎ ነበር። ሰውየው እያለቀሰ ይስቃል። «እታለም! ነገም ነይ! ሁልጊዜ ነይ!» እጄን ሊስም ሞከረ።

ዛሬ አብዱረሕማን ከፈተለት። አንድ የተበሳ ካላማዳሪያ እንኳ አልመጣም። ጠጋኙ በድንጋይ አባረረው። ዘመኑ ሁሉ ቀና እግር ነኝ ብሎ የኖረ ሰው፣ ድንጋይ እየሸሸ ሲሮጥ አየሁት። አሳዘነኝ። ትንሽ።

ግንቦት 23

ሸራ ሻጩ ጋ ትናንት ገብቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ የግማሹን ሰፈር ቆርቆሮ ገለበጠ። የእኛንም ማድቤት። ሸራ አለቀ።

ዛሬ ሉባባ ጋ ገባሁ። ነገ የምትዳረው ልጅ፣ ልብሱን ለክታ፣ አሳጥራ፣ ሁሉን ጨርሳ… ጠፋች። ከሌላ ሰው ጋር ድንበሩን ተሻግራለች ይላሉ። ልብሱ ተመለሰ። የሚዜዎቹም ስድስት ልብስ ተመለሰ።

ሉባባ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ጉድሽን አየሁ» አለችኝ።

ግንቦት 25

ፍርድ። ሐጅ ሷሊህ ቅጹን አነበቡ። ወተት ረጋ። ሰው ታመመ። ጎማ ፈነዳ። ጣራ ተነሣ። ሙሽራ ጠፋች። ቅጹን አጣጠፉት።

«ልጄ፣ እኛም አዝነናል። ተረጋግጧል።»

ሙኽታር አንገቱን ደፋ፣ ያዘነ ለመምሰል። እዚያ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ልሳለቅባቸው ነበር። እምላለሁ፣ ልሳለቅባቸው ብቻ ነበር የፈለግኩት።

«ሐጅ፣ መድኃኒት ቤቱ ከሰረ?»

«አልከሰረም።»

«ጎማ ጠጋኙስ?»

«እሱማ… አገኘ።»

«ሸራ ሻጩስ?»

«አገኘ።»

«ነገር ሲበላሽ የሚሸጥ ሁሉ አገኘ። ወተትና ሙሽራ የሚጠብቅ ከሰረ። ሙኽታር፣ የእኛ ሱቅ ምን ይሸጣል?»

«ኩሽኔታ… ቺንጊያ…»

«ኩሽኔታ መቼ ነው የሚገዛው? ትራክተሩ ደኅና ሲሆን ነው ሲሰበር?»

ሙኽታር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«እንግዲያው እግሬ የነካው ሁሉ የሚሰበር ከሆነ፣ በዚህ ከተማ እኔ የሚገባኝ አንድ ቦታ መለዋወጫ ሱቅ ነው! ኸላስ!»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወይም ያፍራሉ። ቄሱ ጢማቸውን ጨበጡ። ባለ መጋዘኑ ወደ ፊት ሰገግ አሉ። ሐጅ ሷሊህ ዓይናቸው በራ።

«ሱብሐነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅቷ እውነቷን ነው።»

ግንቦት 26

ወረቀቱ ተጽፎ መጣ። እንደ ወረደ እገለብጠዋለሁ፦

«የሩፊዳ እግር ደረቅ መሆኑ በአምስት ሱቆች ሙከራ ስለተረጋገጠ፣ ለመለዋወጫ ንግድም ተስማሚ ሆኖ ስለተገኘ፣ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወስነናል።»

ከታች ፊርማ። የእኔ።

አልፈርምም አልኩ። አሸንፌያለሁ አይደል? ታዲያ ለምን ተሸናፊ ተሸናፊ ይለኛል?

ግንቦት 28

እማ፦ «ፈርሚ።»

«ውሸት ነው እኮ እማ!»

«ውሸት ላይ ፈርመሽ እውነተኛ ሱቅሽ ውስጥ ትገቢያለሽ። አለዚያ እውነትሽን ይዘሽ እዚሁ ማድቤት ከእኔ ጋር ነሽ። ማድቤቱ ደግሞ ጣራ የለውም፤ አንቺ ነሽ ያስነሣሽው።»

«እማ!»

«እነሱ እንደሚሉት ማለቴ ነው።»

በሽንፋ በኩል ደመና ጠቁሯል። ትናንት ሦስት ትራክተር የማረሻ ዲስክ ጭኖ ሲያልፍ ቆጠርኩ።

ግንቦት 30

ፈረምኩ። ሳላመነታ ነው የፈረምኩት። ይሄ ነው ያናደደኝ።

ሰኔ 4

ሱቅ ውስጥ ነኝ። ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ከገዢ ሁሉ በፊት! ሙኽታር ራሱ «ቶሎ ግቢ ቶሎ ግቢ» ይለኛል።

ወሬው ኮኪት ደርሷል። ሾፌሮች ትራክተራቸውን ሩቅ ያቆሙና በእግር ይመጣሉ። አንዱ የሚፈልገውን ከበሩ ላይ ሆኖ ጮሆ ተናገረ። አንዱ ደግሞ ቺንጊያውን እኔ እንዳልነካው ለመነኝ፤ ሙኽታር አንሥቶ ሰጠው። ሌላው «ያንቺ ሱቅ ዕቃ ጠንካራ መሆን አለበት» አለኝ፤ «ካንቺ ጋር አንድ ቤት አድሮ ካልተሰበረ በምንም አይሰበርም።»

ይሄን ማስታወቂያ ማን አስቦት ያውቃል? ገበያው ደርቷል። እንዲህ ሸጠን አናውቅም። ፊቴ ግን ቀኑን ሙሉ እንደጋለ ብረት ይሞቃል።

ሰኔ 7

ሙኽታር ዛሬ እንዲህ አለ። ቃል በቃል ነው የምጽፈው።

«ኮኪት ሄደሽ ትንሽ ዞር ዞር ብትዪስ?»

«ምን ላደርግ?»

«ምንም። እንዲሁ… በትራክተሮቹ መሀል። ንፋስ ለመቀበል።»

የያዝኩት የግራሶ ቅባት ቆርቆሮ ነበር። አልወረወርኩበትም። ለምን እንዳልወረወርኩ እስካሁን አልገባኝም።

ሰኔ 9

ሄድኩ። ለእሱ ብዬ አይደለም። ሄጄ ኮኪት በቆሙት አሥራ አንድ ትራክተሮች መሀል አልፌ፣ አንድም እንደማይሰበር ላሳያቸው ነው። ላሳየው ነው።

ከሚኒባሱ ስወርድ አዩኝ። «መጣች!» የሚል ሰማሁ። ሞተር ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋ። አንዱ ራዲያተሩን በጃኬቱ ሸፈነው። አንዱ ከትራክተሩ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ በሬ እንደሚመልስ ሰው።

ፈንቴ የሚባል የጎጃም ሰው ብቻ ሞተሩን አላጠፋም። «እኔ ባገሬም በእግር አላምን፣ እዚህም አላምን» አለ ጮክ ብሎ። «ነይ እለፊ እህቴ! እንዲያውም እየተንጎራደድሽ እለፊ!»

ወደድኩት። በዚህ አገር አንድ ሰው ተገኘ አልኩ። በጎኑ አለፍኩ።

ቺንጊያው ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ፈንቴ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ቺንጊያው አርጅቶ ነበር፤ ጠርዙ ተበልቶ፣ ክሩ ወጥቶ ነበር። ከሩቅ አይቼዋለሁ። ዛሬ ባይሆን ነገ ይበጠስ ነበር። እግሬ አይደለም። አይደለም።

ግን ሲበጠስ ደስ አለኝ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሰውነቴ እስኪሞቅ። እንደማላምንበት ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኔ 10

እንቅልፍ የለም። አንድ ደሀ ሾፌር ሥራ ፈትቶ ሲቆም ደስ ያለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ማለዳ ቺንጊያ ይዤ ወደ ኮኪት ተመለስኩ። ፈንቴ ሲያየኝ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አይ ጉዴ! ልትጨርሽኝ መጣሽ?»

«ቺንጊያህ ያረጀ ነበር። አሳየኝ እስኪ የቀረውን።»

«አትንኪው!»

«እሺ፤ አልነካም። አንተ ክፈተው፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ።»

ከአሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ፣ እሱ እየከፈተ፣ እኔ እየጮህኩ… ያ ኩሽኔታ ግራሶ አላየም። ያ ፊልትሮ ጭቃ ሆኗል። ከዚያ ሌሎቹም መጡ፣ እየተጠጉ፣ እየሸሹ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ሊሰበር የተዘጋጀ ነው። እንደዚህ ይዘው ነው እርሻ ሊገቡ!

«ቀይሩት» አልኩ። ሳቁ። ሳይሰበር የሚቀይር ማን አለ?

እዚህ ላይ ነው ያልኩት፦ «ዓርብ ተመልሼ እመጣለሁ። በያንዳንዱ ትራክተር ጎን አልፋለሁ። ሁለት ጊዜ።»

ሳቁ ቆመ።

ሰኔ 13

ዓርብ። አሥራ አንዱም ቀይረዋል። ግራሶው ገና ይንጠባጠባል። እንደ ጄኔራል በመሀላቸው አለፍኩ። አንድም አልተበጠሰ። አንድ ሾፌር «አለፈ!» ብሎ መሬት ሳመ።

ቅድመ ጥገና ይባላል። ሁለት ሴሚስተር ተምሬዋለሁ። ባስተምራቸው ማን ይሰማኝ ነበር?

ሰኔ 22

ሽንፋ። ደግሞ ሽንፋ። ደግሞ ኮኪት። «መቼ ነው የምትመጪው?» ብለው ይደውላሉ፤ ቀኑን ስነግራቸው ገዝተው ይቀይራሉ። ጫማዬ የጭቃ ቋት ሆኗል።

ሐምሌ 5

ዝናቡ ጥሩ ነው። ሰሊጡ ተዘርቷል። ዘንድሮ በእርሻ መሀል ተሰብሮ የቆመ ትራክተር የለም ይላሉ። እንደዚህ ያለ ዓመት አላየንም ይላሉ። ፈንቴ ከማሳው ደውሎ «እህቴ፣ ለካ እግርሽ ወርቅ ነው!» አለኝ። አንተ በእግር አታምንም ነበር አይደል? አልኩት። «እሱ ድሮ ነው» አለ።

ሙኽታር ግን ተክዟል።

«ምነው?»

«እግርሽ ቀና ነው እያሉ ነው።»

«ደስ አይልህም?»

«መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ?» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ የእውነት ሊያለቅስ ነበር። «ሩፊዳ፣ ምንም ካልተሰበረ ከርሞ ማን ይገዛናል? ወረቀቱ የሚለው ደረቅ ነው። በደረቅ ነው የተስማማነው። ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሐምሌ 8

መጡ። ሦስቱም፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው። ሱቁ በሾፌር ተሞልቶ ነበር። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ውሃ ቀዳሁላቸው።

ሐጅ ሷሊህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እግርሽን በተመለከተ አዲስ ነገር ሰምተናል።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የኮኪቱ፣ የሽንፋው፣ ቀን በቀን የያዝኩት ሁሉ። ደብተሬ እንኳ ከባንኮኒው ሥር ነበር። እጄን ልሰድ ስል አንድ ነገር ያዘኝ።

«ሐጅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ እግሬ አልነጋገርም።»

«እህ?»

«ደረቅ ነው ካላችሁ ደረቅ ነው። ቀና ነው ካላችሁ ቀና ነው። እኔ አልነጋገርበትም።»

ቄሱ ሐጅ ሷሊህን አዩ። ሐጅ ሷሊህ ባለ መጋዘኑን አዩ። ባለ መጋዘኑ ጣራውን አዩ።

«እንግዲያ ስለ ምን እንነጋገር?»

«ስለ ሱቁ። ሙኽታርን ይጠይቁት። ሱቁ የማን ነው?»

ሐጅ ሷሊህ ዞሩ። «የማን ነው?»

ሙኽታር የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ። «የ… የሁለታችን ነው።»

«የሁለታችን ስትል?»

«የእሷና የእኔ። እኩል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ሐጅ ሷሊህ የጀላቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ተነሡ። «ታዲያ አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ እኛን ምን ልታደርገን ጠራኸን?» ውሃቸውን እንኳ አልጨረሱም። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር ብለው «ምነው ቀድመሽ አትነግሪንም ነበር ልጄ?» አሉኝ፤ በዚያ ትሕትናቸው።

ያ ብቻ። ሁለት ወር፣ አምስት ሱቅ፣ የዚያች ወረቀት ፊርማ። ጥያቄው ሦስት ቃል ነበር።

ሙኽታር ጥግ ይዞ ካርቶን ይደረድራል፤ ቀና ብሎ አያየኝም። ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር። ገና እጮህበታለሁም፤ አልተወውም። ግን ያን ቀን ሐጅ ሷሊህ ፊት ቁጭ ብዬ ማነጻጸሪያ ስጠይቅ፣ ሱቁ የማን እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁም። ለእግሬ ስከራከር ነበር።

አንድ ሾፌር ባንኮኒውን መታ። «እህት፣ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ኩሽኔታ አለ?»

«አለ» አልኩ። ራሴ አውርጄ በእጁ ሰጠሁት።